ሲዘንብ የሚወርደው ገመድ

መስከረም 4

ይህን ደብተር የገዛልኝ ሰማው ነው። «ኢኮኖሚክስ ጻፍበት» ብሎኝ ነበር። ኢኮኖሚክሱን በሌላ ደብተር እጽፋለሁ። በዚህኛው ሌላ ነገር ልጽፍ ነው፤ አይቀየመኝም።

ትምህርት ተጀመረ። አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ። መምህሩ ስም ሲጠሩ «ይታያል ገብረ ማርያም» ላይ ቆሙና «የሰማው ወንድም ነህ?» አሉኝ። «ነኝ» አልኩ። «ነበርኩ» ማለት ነበረብኝ ወይ እያልኩ እስከ ዕረፍት ድረስ አሰብኩ። በመስኮቱ የአደይ ሜዳ ይታያል። ጉም ሲያልፍበት ሜዳው የሚሄድ፣ ጉሙ የቆመ ይመስላል።

መስከረም 6

ወንድሜን ነሐሴ 10 ቀን ወንዝ ወሰደው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። በኢኮኖሚክስ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ። ሲያጣ በቅሎ ገዝቶ የጤፍ ነጋዴ ሆነ። ከብቸና ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ይገዛል፣ ሞጣ ወስዶ ይሸጣል። ክረምቱ ሲገባ ግን እህል ወደ ሞጣ እንዳይሄድ ተከለከለ፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ድልድይ ላይም ገመድ ተወጠረ። ማን እንደከለከለ የሚያውቅ የለም። «ከላይ የመጣ ነው» ይላሉ። ሰማው «ላይ የት ነው? አድራሻውን ንገሩኝና ሄጄ ላናግረው» ይላቸው ነበር።

ያን ቀን ጤፉን ጭኖ ማዶ ወደሚጠብቀው መኪና ሲሄድ ድልድዩን ትቶ ከታች በመልካው ለመሻገር ገባ። በበጋ ሕፃን የሚሻገረው ውኃ ነው። በነሐሴ ግን ሌላ ነው።

በቅሎዋ ወጣች። ጭነቷን ጥላ፣ ረጥባ፣ ብቻዋን መጣች። አሁንም በረት ውስጥ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ነው የምትቆመው።

መስከረም 12

የሚካኤል ማኅበር። ቦታው የአባቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ሰማው ተካው። አሁን እኔ። ጽዋው አቶ ሀብተ ሥላሴ ቤት ነበር፤ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው። ከታላላቆች መካከል ስቀመጥ የሰው ጫማ ያደረግሁ መሰለኝ።

አያ ውበቴ ገቡ። ድልድዩ ላይ ገመዱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ማንም ጠጋ አላለላቸውም። በሩ ሥር ተቀመጡ። አንዱ «ዛሬ ገመድህን ለማን አደራ ሰጥተህ መጣህ?» አላቸው። ሌላው «ለወንዙ ነዋ» አለ። የሳቀ የለም።

ከጽዋው በፊት እንደ ደንቡ አቶ ሀብተ ሥላሴ «ቅሬታ የያዘ፣ የደበቀው ነገር ያለው ሳይቀምስ ይናገር» አሉ። ሁሉም እኔን አየ። «የለኝም» አልኩና ጠጣሁ። ጠላው እንደ ወንዝ ውኃ በረደኝ።

የጥቅምት ተራ የአያ ውበቴ ነው። የኅዳር የኛ። ስለዚህ ጥቅምት 12 ከእጃቸው ተቀብዬ ጽዋውን ወደ ቤታችን የማመጣው እኔ ነኝ። ለእናቴ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል፦

«ከዚያ ቤት የሚመጣ ጽዋ በዚህ ደጅ አይገባም» አለች።

«እማ፣ ተራው ነው እኮ።»

«ተራው የልጄ ነበር።»

መስከረም 14

አርባው ዛሬ ወጣ። ሦስት ቀን ገደል ለገደል ወርደው አስከሬኑን ያገኙት የእድሩ ሰዎች ናቸው። ያዘዛቸው የለም፤ የተቀጣ፣ የተመዘገበ የለም። ከቢሮ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፎርም ሞልቶ ሄደ። «የሟች ሥራ» የሚለው ላይ «የለውም» ብሎ ጻፈ። በረቱ ውስጥ የሥራ በቅሎው ቆማ።

ሰማው ቢሰማ ይስቅ ነበር።

መስከረም 19

የዜግነት መምህራችን መምህርት የትናየት ክርክር አዘጋጁ። ርዕሱ «መንግሥት በሰው ኑሮ ውስጥ እስከ የት ይግባ?» የሚል ነው። «ይግባ» የሚለውን ወገን ሰሎሜ ያዘች። ከክፍሉ አንደኛ ናት። «ይውጣ» የሚለውን የሚይዝ ጠፋ።

«ይታያል፣ አንተ ብትይዘውስ?» አሉኝ።

«ቲቸር፣ እኔ አላውቅበትም።»

«ቤታችሁ ውስጥ ስትሰማው ነው ያደግኸው።»

ሰሎሜ ከኋላ «ተኝቶ ካልሆነ» አለች። ቀልዷ ነው፤ ክፍል ውስጥ ስለማንቀላፋ። እኔ ግን ዞሬ አላየኋትም።

ያዝኩት።

መስከረም 21

ሰማው የሚለውን እንዳይጠፋብኝ።

ሰው የራሱ ነው። ጉልበቱ የራሱ ነው፤ በጉልበቱ ያፈራውም የራሱ ነው። የሰው ገላና የሰው ንብረት እስካልነካ ድረስ የሚከለክለው ሊኖር አይገባም። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ከኛ የተለየ ልብ የለውም፤ ያለው ማኅተም ነው። እኛ ስንሳሳት ራሳችን እንጎዳለን። እሱ ሲሳሳት የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው፤ ስለዚህም ቶሎ አይማርም።

መንግሥት ምን ይሥራ ስለው፣ «ሌባ ይያዝ፣ ዳኛ ይሹም፣ ድንበር ይጠብቅ። ከዚያ ቤቱ ይግባ» ይል ነበር።

ስለ ዋጋ የነገረኝ በረት ስንጠርግ ነው። «ዋጋ ጥሪ ነው። ሞጣ ላይ ጤፍ ሲወደድ የሞጣ ሰው ጤፍ አጣን ብሎ እየተጣራ ነው። እኔ የምሰማው ጆሮ ነኝ። ገመድ ማለት ጆሮ መድፈን ማለት ነው። ዋጋውን በትእዛዝ ሲወስኑት ደግሞ ይብሳል፤ ጥሪውን ማፈን ብቻ ሳይሆን ሐሰት መመለስ ነው። ሰው በሐሰት መልስ መንገድ ይመርጣል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ላርፍ።

መስከረም 23

ወፍጮ ቤቱ ጥግ ሬዲዮ ከፍተው ስለ ጎረቤት አገር ጠብ ሲያወሩ ሰማሁ። ዐሥር ሰው ዐሥር ዓይነት ጦር ሲያዘምት ነበር። ሰማው እዚያው ቆሞ በሰኔ ያላቸው ትዝ አለኝ፦ «ከሁሉም ጋር እንገበያይ፤ ከማንም ጋር አንማማል። የሁለት ጎረቤት ጠብ ውስጥ ዱላ ይዞ የገባ ሦስተኛ ሰው ገላግሎ ሲወጣ አይታችኋል? ጦርነት የሚያውጅ ሰው በቅድሚያ የራሱን ልጅ ስም ይጻፍ።» አንዱ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ ሁሉንም በጤፍ ነው የምትመዝነው» አሉት። «በጤፍ የሚመዘን ነገር ሰው አይገድልም» አላቸው።

ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ድልድዩ ጥርት ብሎ ይታያል። ገመዱም። ከቤታችን ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

መስከረም 25

ክፍል ውስጥ ሕልም አየሁ። ገመዱ ከድልድዩ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ እኔ «ላይ» የሚሉትን ፍለጋ እሱን ይዤ እወጣለሁ። ላይ ስደርስ ትንሽ ክፍል አለች፤ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ አንድ ሰው ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ስልክ ይጮኻል። ተሸፋፍኖ «አይቻልም» ይላል። ብርድ ልብሱን ልገልጥ ስል ሰሎሜ በእርሳስ ወጋችኝ።

መስከረም 27፣ ቅዳሜ

ሞጣ ደርሼ መጣሁ። ሰማው ሲሄድ የሚያድርባትን ክፍል ላስረክብ ነው የሄድኩት። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ በእጁ የሳላት ሚዛን። ክፍሏ ገና የእሱን ሽታ ትሸት ነበር። አልጋው ላይ ጋደም አልኩና ዝናብ ሰማሁ። ስነሣ ዝናብ አልነበረም።

ጤፉን የሚረከቡት ወይዘሮ ወለተ ሐና ናቸው፤ የእህል ሱቅ አላቸው። አንገቴን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ፦

«ያን ቀን ደውሎልኝ ነበር እኮ፣ ልጄ። ‹ድልድዩ ዝግ ነው፣ በመልካው ነው የምሻገረው፣ ዘግይቼ እመጣለሁ› አለኝ። እኔም ‹ተው፣ ነሐሴ ነው፤ ደግሞ መዘጋቱን ሄደህ ዐይተህ ነው?› አልኩት። ‹ወንድሜ ሄዶ ዐይቶልኛል› አለኝ። ‹ወንድሜ ያላየውን አይናገርም› አለኝ።»

ውኃ ስጡኝ አልኳቸው።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ አንቀላፍቶ ነበር። እኔ ብቻ ነቅቼ ነበር።

ጥቅምት 3

ለክርክሩ ከሰሎሜ ጋር ተለማመድን። ትጠይቃለች፣ እመልሳለሁ።

«ገመዱ የተወጠረው ጤፍ ሁሉ ወጥቶ የብቸና ድሃ እንዳይራብ ነው። ለእናቴ ጤፍ የሚያስቀረው ማን ነው? ሰማው?»

«ገበሬው በነፃ ቢሸጥ ለከርሞ ብዙ ይዘራል። ብዙ ሲዘራ ይረክሳል።»

«እስከ ከርሞ ምን ትብላ?»

«መርዳት የፈለገ ይርዳ። እድሩ እንደሚያደርገው። የማንንም በር ሳይዘጋ» አልኳት።

«ድልድዩንስ ማን ሠራው? እድሩ ነው?»

«ድልድይ የሠራ ድልድይ ይዝጋ ማለት አይደለም።»

ሳቀች። «እሺ፣ ይቺን ያዛት። ግን ወንድምህን እንዳታነሣው፤ ካነሣኸው እኔ የምመልሰው የለኝም። ያ ደግሞ ክርክር አይደለም።»

ጥቅምት 7

አሸነፍኩ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ስለ ሰውና ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዋጋና ስለ ጥሪ፣ በሰው አገር ጠብ ስላለመግባት በሰማው ድምፅ ተናገርኩ። አፌን የሚያንቀሳቅሰው እሱ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ከጣሪያው ሥር ሆኜ እሰማለሁ። ከዚያ ያላሰብኩትን አልኩ። «ወንድሜ ሌባ አልነበረም። የራሱን ጤፍ ለራብተኛ ሰው ሊሸጥ ነበር። የአያ ውበቴ ገመድ መልካ ውስጥ ከተተው» አልኩ። ስማቸውን ጠራሁ።

መምህርት የትናየት መነጽራቸውን አወለቁ። ሁሉም አጨበጨበ። ሰሎሜ አላጨበጨበችም። በር ላይ ስትደርስብኝ፦

«በደንብ ተናገርክ» አለች። «ግን ሰማው ‹ከላይ› የሚሉትን ነበር የሚጠይቀው። የሰውዬውን ስም ሲጠራ አልሰማሁም።»

ጥቅምት 8

ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች የአያ ውበቴን ቤት በድንጋይ ደበደቡ። ቆርቆሮው ተበስቷል። ትንሿ ልጃቸው ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ «ገመድ! ገመድ!» እያሉ ተከተሏት።

እናቴ ሰማች። «ይበላቸው» አለች። ከዚያ በቅሎዋን ስታበላ ቆየች።

ጥቅምት 9

ልጻፈው። ቀኑ ብሩህ ነው፤ በብርሃን ልጻፈው።

ነሐሴ 10 ከምሳ በኋላ ተኝቼ ነበር። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር። ሰማው ደወለ። «ተኝተሃል እንዴ?» አለኝ። «አልተኛሁም» አልኩት። «ወፍጮ ቤቱ ጥግ ድረስ ሄደህ ገመዱ ወርዶ እንደሆነ እይልኝ፤ መልሼ እደውላለሁ» አለኝ። የብቸና ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዝናብ ሲመጣ አያ ውበቴ ገመዱን ፈትተው ወደ ጎጇቸው ያስገቡታል። የረጠበ ገመድ ቋጠሮው ይጠብቅና አይፈታም። ሌላ እንዲገዙ ደግሞ አይሰጧቸውም።

ብርድ ልብሱ ሞቆኝ ነበር። አልተነሣሁም። ሲደውል «አየሁት፣ ታስሯል» አልኩት።

ለምን «ታስሯል» አልኩ? ወርዷል ብዬው ታስሮ ቢያገኘው ጤፉ ይወረስ ነበር፤ እኔም እወቀስ ነበር። ታስሯል ካልኩት ግን ቢበዛ ነገ ይሻገራል። ከተኛሁበት ሆኜ ከሁሉ የሚቀለውን መልስ መረጥኩለት። ልክ እነሱ እንደሚያደርጉት። ማኅተም ብቻ ነው የጎደለኝ።

«በርታ፣ ተመለስና ተኛ» አለኝ። እየሳቀ ነበር። አውቆኝ ነበር? ሄዶ ዐይቷል ብሎ ነው ለወይዘሮ ወለተ ሐና የነገራቸው። እንግዲህ አላወቀኝም።

ጥቅምት 10

ገመዱ ባይኖር አልጠየቀኝም ነበር። ይህ እውነት ነው። ክርክሩ ላይ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱንም አልሰርዝም።

ግን ሰማው አንድ ነገር ሁልጊዜ ይጨምር ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ አልተናገርኩትም። «የማልታዘዝ ሰው ከሆንኩ ላደረግሁት የምመልሰው እኔ ነኝ። በሌላ ማሳበብ የባሪያ ነው» ይል ነበር።

ጥቅምት 11

እናቴ ነገ እንዳልሄድ ልታስምለኝ ሞከረች። አልማልኩም።

ዘነበ። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ሄጄ ቆምኩ። አያ ውበቴ ከጎጇቸው ወጡ፣ ገመዱን ፈቱ፣ ጠቀለሉ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ገቡ። ድልድዩ ባዶ ሆነ። ማንም አልተሻገረም።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

ጉም ነበር። የአያ ውበቴን ቤት የተበሳውን ቆርቆሮ ዐይቼ ነው የለየሁት።

ከአሥራ ሁለቱ ማኅበርተኛ ከእኔ ሌላ የመጡት አቶ ሀብተ ሥላሴና ቄሱ ብቻ ናቸው። የአያ ውበቴ ባለቤት ወለተ ገብርኤል ለሃያ ሰው የሚሆን ደግሰዋል። መሶቡ ሙሉ፣ ጋኑ ሙሉ፣ አግዳሚው ባዶ። በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ብርሃን ይወርድና ጽዋው ላይ ያርፍ ነበር።

አቶ ሀብተ ሥላሴ «ቅሬታ የያዘ፣ የደበቀው ነገር ያለው ሳይቀምስ ይናገር» አሉ።

ተናገርኩ። ደብተሩ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ። ስጨርስ ወለተ ገብርኤል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። አያ ውበቴ ግን አልደነገጡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፦

«ያን ቀን ገመዱ ወርዶ ነበር» አሉ።

«አሁን ገባኝ።»

«አልገባህም፣ ልጄ። ቀንም ሌትም፣ ዝናብም ይሁን ፀሐይ ታስሮ ይዋል ነው ትእዛዙ። ወርዶ ነበር ብል ከሥራ ያስወጡኛል፤ አራት ሴት ልጆች አሉኝ። እና ታስሮ ነበር አልኩ። ሰው ‹ገዳይ› ቢለኝ ይሻላል አልኩ።»

«እርስዎም ዋሹ?»

«እኔም። ደግሞ ሌላ አለ።» ወደ ቄሱ አዩ። ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ፤ አስቀድመው የሰሙት ይመስለኛል። «ወንድምህን ወደ መልካው ሲወርድ አየሁት። ከጎጆዬ ሮጬ ወጣሁ። ‹ክፍት ነው፣ ና በዚህ› ብዬ ጮኽሁ። የወንዙ ድምፅ በለጠኝ። ቢያይ ብዬ የተጠቀለለውን ገመድ ከራሴ በላይ አነሣሁለት፤ እጄ ላይ ነው፣ አልታሰረም ለማለት። ቀና ብሎ አየኝ። ገመድ ይዤ ስሮጥ አየኝ። ሊይዘኝ መጣ አለ መሰለኝ፤ በቅሎዋን መታና ገባ።»

አንድ የብርሃን ጠብታ ከጽዋው ላይ ወደ አያ ውበቴ እጅ ተሻገረ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ በመጨረሻ «እንግዲህ ጠጡ» አሉ። ጠጣን። በሩ ላይ አያ ውበቴ ጽዋውን በነጠላ ሸፍነው ሲሰጡኝ «እናትህ ትመልሰው ይሆናል» አሉ። «ተሸክሜው እቆማለሁ» አልኳቸው። «ነገ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ያሉትን እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ። ቆርቆሮዎንም እኔ ነኝ የምደፍነው።»

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ሳያት እግሬ ታሰረ። እዚያው ጉሙ ውስጥ፣ ጽዋውን እንደያዝኩ ነገርኳት። ስልኩን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የአያ ውበቴን ገመድ። እንድትመታኝ ጠብቄ ነበር። እንድትጮኽ ጠብቄ ነበር።

«ደውሎ ነበር?» አለች።

የሰማው ስልክ ከእሱ ጋር ወንዝ ስለገባ መደወሉን አታውቅም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የልጇን የመጨረሻ ቃል ደብቄባት እንደኖርኩ ያኔ ነው የገባኝ።

«ደውሎ ነበር፣ እማ።»

«ምን አለ?»

«‹ተኝተሃል እንዴ?› አለኝ። በኋላ ‹በርታ፣ ተመለስና ተኛ› አለኝ።»

«ድምፁ ምን ይል ነበር?»

«ይስቅ ነበር።»

ከበሩ ዞር አለች። ጽዋውን ይዤ ገባሁ። ተከትላኝ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና እንደገና ንገረኝ አለች። ነገርኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ በሦስተኛው «ይስቅ ነበር» ስል እሷም አብራኝ አለችው።